ዱባይ ላይ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ስገዛ የያዝኩት ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ

የቤቴ ኪራይ በዓመት 52,000 ድርሃም ገብቷል። አከራዬ በሚቀጥለውም ዓመት እንደሚጨምር ከአሁኑ ነግሮኛል። ስለዚህ ልገዛ ነው። ባለ አንድ መኝታ፣ ተሠርቶ ያለቀ፣ በባንክ ብድር። ተመሳሳይ ሐሳብ ያላቸው ጓደኞቼ «የት ደረሰ?» እያሉ ስለሚጨቀጭቁኝ እዚሁ እጽፈዋለሁ፣ እያነበቡ ይከተሉኝ። ሥራዬ ሒሳብ ነውና ቁጥር ይበዛበታል። ቻሉት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሕጉን አየሁ። ዱባይ ለውጭ ዜጋ ቤት መሸጥ የጀመረችው በ2002 ነው። በሕግ የተደነገገው ግን በ2006 በወጣው ሕግ ቁጥር 7 ነው። አንቀጽ 4 እንደሚለው የኤምሬትስና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ዜጎች የትም መግዛት ይችላሉ። ሌሎቻችን የምንገዛው የኤምሬቱ መሪ ለይቶ በፈቀዳቸው አካባቢዎች ብቻ ነው። እዚያም ሙሉ ባለቤትነት ወይም እስከ 99 ዓመት የሚዘልቅ የመጠቀም መብት ይገኛል። እንጀራውም ቡናውም ዴይራ ነው፤ አሮጌው ዴይራ ግን ከዝርዝሩ ውጭ ነው። ሀበሻው የሚውልበት ሰፈርና ሀበሻው ቤት መግዛት የሚችልበት ሰፈር ለየቅል ናቸው።

ደስ ያለኝ ነገር የትኛው አገር ዜጋ ነሽ የሚለው ጥያቄ ለውጥ አለማምጣቱ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለውም የጀርመን ፓስፖርት ያለውም እኩል ይገዛል። የአገሩ ነዋሪ መሆንም ግዴታ አይደለም። ግን የተገላቢጦሹን እወቁ። ቤት ስለገዛችሁ ብቻ መኖሪያ ፈቃድ ይገኛል ብላችሁ አትተማመኑ። ወርቃማው ቪዛ የሚባለው የረጅም ጊዜ መኖሪያ ፈቃድ የሚጀምረው ከ2 ሚሊዮን ድርሃም ቤት ነው። የእኔ ፈቃድ ከሥራዬ ጋር የታሰረ ነው። ሥራዬን ባጣና ሌላ ካላገኘሁ ቤቱ ይቀራል፣ እኔ እወጣለሁ። አከራየዋለሁ ወይም እሸጠዋለሁ ማለት ነው። ይህ ያልተዋጠለት ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

ጥቅምት መጀመሪያ

ቤት መግዛት እንደምፈልግ ለአንድ ሰው ተናገርኩ። በሳምንቱ ስልኬ አላርፍ አለ። እዚህ ከተማ ውስጥ የቤት ሽያጭ የሚሠሩ የሀገር ልጆች በዝተዋል፤ ጎበዞችም ናቸው። «እህቴ፣ ያለቀ ቤት ምን ያደርግልሻል? በወር 1 በመቶ እየከፈልሽ አዲስ ትገዢያለሽ!» ይሉኛል። ኦፍ ፕላን ማለታቸው ነው፤ ገና ያልተሠራ ቤት።

ኦፍ ፕላን ሁሉ ማጭበርበር ነው የሚል ሰው አለ። እኔ አልልም። በ2007 የወጣው ሕግ ቁጥር 8 የገዢው ገንዘብ ለዚያ ፕሮጀክት ብቻ በተከፈተ የአደራ ሒሳብ ውስጥ እንዲገባ ያስገድዳል። በ2008 እና በ2009 ገበያው ሲወድቅ ስንት ፕሮጀክት ተሰርዞ ስንት ሰው እንዳለቀሰ እዚህ የቆዩ ሰዎች ያስታውሳሉ። ዛሬ ጥበቃው የተሻለ ነው። የምትገዙ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ፦ ገንዘቡ ወደ ፕሮጀክቱ የአደራ ሒሳብ እንጂ ወደ ደላላ ወይም ወደ ሌላ ሒሳብ እንዳይገባ።

እኔ የማልፈልገው በሌላ ምክንያት ነው። ቤቱ እስኪያልቅ ኪራይም ክፍያም ልከፍል ነው። ባንክም ላልተሠራ ቤት ከዋጋው ግማሽ በላይ አያበድርም። ደመወዜ ሁለቱን አይችልም። ከደዋዮቹ ለአንዱ ይህንኑ ነገርኩት። «ኧረ እህቴ፣ ዋጋው ጥሎሽ ይሄዳል!» አለኝ። ይሂድ።

ጥቅምት አጋማሽ

ባንክ። ቤት ከማየት በፊት ቅድመ ፈቃድ ማውጣት ይሻላል። ስንት እንደሚያበድሯችሁ ሳታውቁ ቤት ማየት ልብን ማድከም ነው።

ደንቡ የማዕከላዊ ባንኩ ነው፣ ለሁሉም ባንክ አንድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ የውጭ ዜጋ ዋጋው ከ5 ሚሊዮን ድርሃም በታች ለሆነ ቤት እስከ 80 በመቶ ይበደራል። ከ2020 በፊት 75 ነበር። የብድሩ ዘመን ከ25 ዓመት አይበልጥም። ሁሉም ወርሃዊ ዕዳ ተደምሮ ከገቢ 50 በመቶ ማለፍ የለበትም። ክሬዲት ካርድ ካላችሁ ባትጠቀሙበትም ባንኩ ከካርዱ ጣሪያ የተወሰነ መቶኛ ወስዶ እንደ ወርሃዊ ዕዳ ይቆጥርባችኋል። አንድ ማስታወቂያ ላይ ስጦታ ብለው የሰጡኝን ካርድ በማግስቱ ዘጋሁት። የብድር ታሪኬንም ከአል ኢቲሃድ ክሬዲት ቢሮ አወጣሁ። ንጹሕ ነው።

ከዚያ ዕቁቡ መጣ። የሒሳብ መግለጫዬ ላይ ባለፈው ክረምት በአንድ ሳምንት ከተለያዩ ሰዎች የገባ ወፈር ያለ ገንዘብ አለ። ወጥቶልኝ ነው። የባንኩ ሰው «ይህ ምንድነው?» አለኝ። ዕቁብን አስረዳሁት። ሰውየው ሕንዳዊ ነው፣ ወዲያው ገባው። እሱ ቢገባውም ፋይሉን የሚያጣራው ክፍል ግን ወረቀት ይፈልጋል። እያንዳንዱ አባል የላከበትን ደረሰኝ፣ እኔም በየወሩ ለሌሎቹ የላክሁበትን አሰባስቤ ሰጠሁ። በካሽ ብንጣጣል ኖሮ ማስረጃ ከየት አመጣ ነበር? ቤት ለመግዛት ያሰባችሁ ዕቁብተኞች፣ ገንዘቡ በባንክ ይዙር።

አገር ቤት ያለ ብር እዚህ እንደማይሠራ አንድ ወንድሜን ማስረዳት ነበረብኝ። «እኔም ላግዝሽ» አለኝ፣ እግዜር ይስጠው። ግን አገር ቤት ባንክ ገብቶ «እህቴ ዱባይ ቤት ልትገዛ ነው፣ ዶላር ስጡኝ» ቢል የሚሰማው የለም። ቁጠባዬ ሁሉ በድርሃም ነው፣ ከደመወዜ ነው። ለባንኩም ይህ ይቀላል።

ጥቅምት መጨረሻ

ጓደኞቼ ሁሉ «20 በመቶ ካለኝ ገዛሁ» ነው የሚሉት። አይደለም። 650,000 ድርሃም የሚያወጣ ቤት ይዘን እንቁጠር።

ቅድሚያ ክፍያው 130,000 ነው። በዚህ ላይ የዱባይ መሬት መምሪያ የሚወስደው የስም ዝውውር ክፍያ 4 በመቶ አለ፣ 26,000። ደንቡ ሻጭና ገዢ ግማሽ ግማሽ ይክፈሉ ይላል። ውል ላይ ግን ሌላ መስማማት ስለሚቻል በተግባር ሁሉንም የሚከፍለው ገዢው ነው። ይህ ክፍያ እስከ 2013 ድረስ 2 በመቶ ነበር። የደላላው ኮሚሽን 2 በመቶ፣ ከነቫቱ 13,650። ስም የሚዛወርበት ቢሮ ከነቫቱ 4,200። የካርታ ማውጫ 580። ብድሩን ካርታው ላይ ለማስመዝገብ ከብድሩ 0.25 በመቶና 290፣ ማለትም 1,590። የባንኩ ገማች 2,625። ባንኩ ብድሩን ለማዘጋጀት የሚወስደው 1 በመቶ ከነቫቱ 5,460። ተደመረ፦ 54,105።

ድሮ አንዳንድ ባንኮች የዝውውሩን ክፍያና ኮሚሽኑን ብድሩ ውስጥ ያስገቡላችሁ ነበር። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ይህ ቀርቷል። ስለዚህ ለ650,000 ቤት ከኪስ የሚወጣው 130,000 ሳይሆን 184,000 ግድም ነው። ዋጋውን ስትሰሙ 28 በመቶውን በእጃችሁ አለን ብላችሁ ጠይቁ። እኔ አለኝ። የቀረውም የቤት ዕቃ መግዣ ነው፣ እሱ ይቆይ።

ኅዳር መጀመሪያ

ፍለጋው ኢንተርናሽናል ሲቲ ላይ ነው። ድራጎን ማርት አጠገብ ያለው፣ ክላስተሮቹ በአገር ስም የተጠሩት ሰፈር። ቻይና፣ ፋርስ፣ እንግሊዝ፣ ግሪክ እያሉ ይሄዳሉ። የውጭ ዜጋ መግዛት ይችላል፣ ዋጋውም ከሌላው ይቀላል። ሕንፃዎቹ ዝቅ ያሉ ናቸው። ያረጁም ናቸው። አንዳንዱ ደረጃ ስትወጡ የሰውየው ምሳ ምን እንደሆነ ይታወቃችኋል።

ማስታወቂያ ላይ ያለ ቤት ሁሉ የለም። አንዱ ቤት በአምስት ደላላ፣ በአምስት ዋጋ ይወጣል። አንዳንዱ ከወራት በፊት ተሸጧል፤ «እሱማ ትናንት አለቀ፣ ሌላ ላሳይሽ» ለማለት ብቻ የተቀመጠ ነው። ሕጋዊ ማስታወቂያ ከመሬት መምሪያው የተሰጠ የፈቃድ ቁጥር አለው፤ በስልክ ስካን የሚደረግ ኮዱንም ታገኛላችሁ። እሱ ከሌለ አልደውልም። ደላላውም የምዝገባ ቁጥር አለው፣ ዱባይ ሬስት በሚባለው የመምሪያው መተግበሪያ ይጣራል።

ቤት የማየው ሁለት ጊዜ ነው፤ ቀንም ማታም። ማታ የምሄደው ለመኪና ማቆሚያው ብቻ አይደለም። ከአል አዊር የፍሳሽ ማጣሪያ በኩል ነፋስ ሲነሳ አንዳንዱ ክላስተር ይሸታል። ቀን ላይ ላይታወቃችሁ ይችላል።

ሌላው የሰለቸኝ ወሬ ሜትሮው ነው። ሰማያዊው መስመር በዚህ ሰፈር ያልፋል፣ በ2029 ሥራ ይጀምራል ተብሏል። 30 ኪሎ ሜትር፣ 14 ጣቢያ። እውነት ነው። ግን ሻጩ ሁሉ ባቡሩ ነገ ጠዋት በሩ ላይ የሚቆም ይመስል ዋጋ ይጨምራል። ከጣቢያው በእግር ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ቤት ላይ ሳይቀር።

ኅዳር አጋማሽ

ጥሩ ቤት አገኘሁ። 620,000። ብርሃን አለው፣ ወጥ ቤቱ ታድሷል፣ ጥግ ላይ ነው። ተከራይ አለበት። ደላላው «ችግር የለም፣ የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል፣ ይወጣል» አለ።

የማስጠንቀቂያውን ቅጂ ጠየቅሁ። ላከልኝ። የዋትሳፕ መልእክት ፎቶ ነው! «ወንድሜ፣ ቤቱን ልሸጥ ነው፣ ሌላ ፈልግ» የሚል።

ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። የዱባይ የኪራይ ሕግ በ2007 የወጣው ቁጥር 26 ሲሆን በ2008 በቁጥር 33 ተሻሽሏል። ውሉ ሲያልቅ ተከራይን ለማስወጣት አከራዩ ለመሸጥ፣ ራሱ ወይም የቅርብ ቤተሰቡ ለመኖር፣ ለማፍረስ ወይም ለትልቅ እድሳት የሚል ምክንያት ሊኖረው ይገባል። የ12 ወር ማስጠንቀቂያም ይሰጣል። ማስጠንቀቂያው በኖተሪ በኩል ወይም በአደራ ፖስታ ካልደረሰ አይቆጠርም። ቤቱ ቢሸጥም ውሉ አይፈርስም፤ አዲሱ ባለቤት ተከራዩን ከነውሉ ይረከባል። ለራሴ መኖሪያ ነው ብሎ ያስወጣ ባለቤት ደግሞ ለሁለት ዓመት ለሌላ ማከራየት አይችልም።

ስለዚህ ያንን ቤት ብገዛ ማስጠንቀቂያው ዛሬ ከእኔ ይጀምራል ማለት ነው። ከአንድ ዓመት በላይ የራሴን ኪራይም የባንክ ክፍያም እየከፈልኩ። ተከራዩ ደግሞ የቆየ ሰው ነው፣ የሚከፍለው 38,000 ብቻ ነው። ጭማሪም እንደ ልብ አይደለም። በ2013 የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 43 ጭማሪውን ከአካባቢው ዋጋ ጋር እያነጻጸረ ይወስነዋል፤ ጣሪያው 20 በመቶ ነው። ተከራዩን ቤቱን ሳይ አግኝቼዋለሁ። ሦስት ልጆች አሉት፤ ሻይ ካልጠጣሽ ብሎ አስቀመጠኝ። «ደላላው መውጣትዎን ነግሮኛል» ስለው ሳቀ። ሕጉን ከደላላው በላይ ያውቃል። መብቱ ነው።

ለኢንቨስትመንት ለሚገዛ ሰው ያ ቤት ጥሩ ነው። ለእኔ አይሆንም። ተውኩት።

ኅዳር መጨረሻ

ባዶ ቤት ተገኘ። እንግሊዝ ክላስተር፣ 720 ስኩዌር ፊት፣ በእኛ 67 ካሬ ገደማ። ሻጩ አገሩ ሊገባ የወሰነ ግብፃዊ ነው። ዕዳ የለበትም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሻጩ የባንክ ዕዳ ቢኖርበት መጀመሪያ የእሱ ባንክ ቀሪ ዕዳውን በደብዳቤ ይገልጻል፣ ዕዳው ይከፈላል፣ ካርታው ይለቀቃል፣ ከዚያ ነው ወደ እኔ የሚመጣው።

650,000 ላይ ተስማማን። ፎርም ኤፍ የሚባለውን የመምሪያውን የሽያጭ ውል ፈረምን። በልማዱ መሠረት የ10 በመቶ ቼክ ለደላላው ቢሮ በመያዣነት ሰጠሁ። ያለ ምክንያት ብተው ቼኩ ለሻጩ ነው፤ እሱ ቢተው እኔን ይክሳል። ውሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨመር ጠየቅሁ፦ ባንኩ ብድሩን ካልፈቀደ ወይም ገማቹ ከተስማማንበት ዋጋ በታች ከገመተ ያለ ቅጣት ልወጣ እችላለሁ። ደላላው «ይህ አልተለመደም» አለ። «እንልመደው» አልኩት። ሻጩ ሳያንገራግር ፈረመ።

ታኅሣሥ

ገማቹ ሄዶ አየው። 630,000 አለ።

ባንክ የሚያበድረው ከዋጋውና ከግምቱ ዝቅተኛውን ይዞ ነው። የ630,000 ሰማንያ በመቶ 504,000 ነው። በ520,000 አስቤ ነበር። 16,000 ጎደለ። ያቺ ዓረፍተ ነገር አሁን ሥራዋን ሠራች። ሻጩን «የገማቹ ወረቀት ይኸው፣ ወይ ዋጋው ይውረድ ወይ እወጣለሁ» አልኩት። የአገሩ ትኬት ተቆርጧል፣ አዲስ ገዢ እስኪመጣ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። እኔም ሌላ ባዶ ቤት ለማግኘት ትዕግሥቴ አልቋል። 640,000 ላይ ተጨባበጥን። ፎርም ኤፍን በአዲሱ ዋጋ እንደገና ፈረምን።

የብድሩ ውል መጣ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ወለዱ 4 በመቶ የማይለወጥ ነው፣ 25 ዓመት፣ በወር 2,660 ገደማ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከኢቦር፣ ማለትም ከባንኮቹ የእርስ በርስ ወለድ ጋር እየወጣ ይወርዳል። ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 4 በመቶው ነው። እኔ ያነበብኩት ከሦስት ዓመት በኋላ ኢቦር ላይ ስንት ይጨምራሉ የሚለውን ነው። ሁለት ባንክ አወዳድሬ የመረጥኩትም በዚያ ነው። ብድሩን ቀድሜ ብዘጋ ቅጣቱ ከቀሪው 1 በመቶ ነው፣ ከ10,000 ድርሃም አይበልጥም፤ እሱም የማዕከላዊ ባንኩ ደንብ ነው። የሕይወትና የቤት መድን ግዴታ ነው።

ጥር

ሻጩ ከአልሚው ኩባንያ የ«ተቃውሞ የለም» ደብዳቤ አወጣ። የጋራ አገልግሎት ክፍያ ዕዳ ካለ ይህ ደብዳቤ አይሰጥም። ወረፋው ረዘመ፣ ሻጩ ተነጫነጨ፣ ደብዳቤው መጣ።

ስም ማዛወሩ ራሱ አጭር ነው። ትረስቲ ኦፊስ በሚሉት፣ የመሬት መምሪያው ፈቃድ በሰጠው ቢሮ ነው የሚከናወነው። ወንበሩ ላይ ሻጩ፣ እኔ፣ ደላላው፣ የባንኬ ተወካይ። ተወካዩ የ504,000 ቼክ ይዟል። እኔ ለሻጩ የ136,000፣ ለመምሪያው ደግሞ የዝውውሩን ክፍያ ሲፒኦ ይዣለሁ። እዚህ ሲፒኦ ላይ የስም አንድ ፊደል ብትሳሳት ያ ቀን ተቃጠለ ማለት ነው። የሻጩ ስም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው አራት ቃል ነው፣ ባንኬ መጀመሪያ በሦስት ጽፎት ከአንድ ቀን በፊት አስቀይሬዋለሁ። ሠራተኛዋ መታወቂያችንን አየች፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አነበብን፣ ፈረምን። የመያዣ ቼኬ ተመለሰልኝ። ካርታው በኢሜይል መጣ። ስሜ አለበት፣ ከሥሩ የባንኩ ዕዳ ተመዝግቧል።

መጨረሻው ሒሳብ፦ ቅድሚያ 136,000፣ ሌላ ሌላው 53,287። ከኪሴ የወጣው 189,287 ድርሃም።

የካቲት

መብራትና ውኃ በስሜ ዞረ፣ ለአፓርታማ 2,000 ድርሃም ተቀማጭ ይይዛሉ። የጋራ አገልግሎቱ በስኩዌር ፊት 11 ድርሃም ስለሆነ በዓመት 7,920 ነው። የየሕንፃው ተመን በመምሪያው ማውጫ ላይ ስለሚታይ ከመግዛቴ በፊት አይቼዋለሁ፤ እናንተም እዩት፣ ለባለቤት የኪራይ ያህል የሚከብድበት ሕንፃ አለ። ከባንኩ ጋር ተደምሮ በወር 3,320 ይመጣል። ለኪራይ በወር 4,300 ገደማ እከፍል ነበር። በዚህ ላይ የኤሲው ጥገና ከአሁን ወዲያ የእኔ ነው፤ ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ ትርፍ አይደለም።

የቀረኝ ኑዛዜ ነው። «ገና በጊዜ ምን ሟርት ነው!» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ግን ላጤ ነኝ፣ አባቴ አርፏል፣ እናቴና ወንድሞቼ አሉ። ሙስሊም ያልሆነ ሰው እዚህ አገር ያለ ኑዛዜ ቢሞት ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ የቤተሰብ ሕግ ነው። ትዳርም ልጅም ለሌላት፣ እናቷ ብቻ ላለች ሴት ግማሹ ለእናት፣ ግማሹ ለወንድምና እህት ይላል። እኔ ሙሉውን ለእናቴ ነው የምፈልገው። እማዬን በስልክ ጠየቅኋት። «እኔ ዱባይ መጥቼ ልሙት ነው እንዴ? ለልጆቹ አድርጊው» አለችኝ። ልጆቹ ማለት የታላቅ ወንድሜ ልጆች ናቸው፤ ትንሿ ገና አምስት ዓመቷ ነው። ሕፃን ላይ የተናዘዘ ቤት ሞግዚት መሾም ይፈልጋል፣ ባንኩም ዕዳው እስኪያልቅ አለበት። ኑዛዜ የሚያዘጋጅ ጠበቃ ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ። በዱባይ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ማዕከል (ዲ.አይ.ኤፍ.ሲ.) ያለውን የኑዛዜ ምዝገባና የአቡ ዳቢውን አወዳድሮ የሁለቱን ዋጋ ይልክልኛል። የአቡ ዳቢው በብዙ ይረክሳል፣ ወደዚያ ሳላዘነብል አልቀርም። ቀለም ቀቢውም ቅዳሜ ይመጣል።